ወሰን ያልኩት እኔ ነኝ

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለባምላኩ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ሦስታችንም በጤና አለን። ደብዳቤ ስታይ ስልክ እያለ ምነው ብለህ እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። አትደንግጥ፤ የታመመም የሞተም ሰው የለም። ስልኩን የተውኩት ሆን ብዬ ነው። ስንነጋገር ነገሬ መረር ሲልብህ «ያምሮት፣ ኔትወርኩ ነው፣ አይሰማኝም» ትልና መስመሩ ይቋረጣል። ኔትወርክ ደግሞ የእኔም ሙያ ነው፤ የትኛው በራሱ እንደተቋረጠ፣ የትኛው በሰው ጣት እንደተዘጋ እለያለሁ። ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ይነበባል። የጎረቤታችን የእጅጉ ወንድም ሀይሉ ለንግድ ወደ ናይሮቢ ስለሚመጣ በእጁ ልኬልሃለሁ።

ሠርክአዲስ ጥርሷን አብቅላ ጨርሳ አሁን ሰው መንከስ ጀምራለች። በቀደም የእናትህን የእማማ ታንጉትን ጣት ነክሳ «ይቅርታ በይ» ስትባል ስልኬን አነሳችና «አባ፣ ይቅርታ» አለች። ይቅርታ የሚጠየቀው በስልክ ብቻ ይመስላታል። እማማ ታንጉት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። ከቅዳሴ ሲመለሱ ሰው ያቆማቸውና ስለ አንተ ይጠይቃቸዋል፤ ካልጠየቃቸውም ራሳቸው አቁመው ይነግሩታል። ዘንድሮ በርበሬው ሠምሮ ነበር፤ ከቡሬ እስከ ጅጋ ግቢው ሁሉ ቀልቶ ነው የከረመው። መንገዱም ሰሞኑን ክፍት ነው። ሚኒባሱ ማንኩሳ ላይ ሰው እስኪሞላ ያስጠብቀናል እንጂ ቡሬ ድረስ ለሥራዬ እመላለሳለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባምላኩ፣ እኔ ቅናት ይዞኛል። በሳቅ ልታልፈው እንዳትሞክር፤ ከያዘኝ ቆይቷል።

የጀመረኝ አምና በላክልኝ ፎቶ ነው። ከመሥሪያ ቤትህ ሰዎች ጋር በረንዳ ላይ ምሳ እየበላችሁ ነው። አንተ መሐል ሆነህ ትስቃለህ፤ ከጎንህ ቢጫ ሻርፕ ያደረገች ሴት ሹካዋን ወደ አንተ ቀስራ የሆነ ነገር ታስረዳሃለች። «ማን ናት?» ስልህ «ፍሬሕይወት ናት፣ የቡድናችን ኃላፊ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት፤ እንዴት ያለች ጎበዝ መሰለችሽ» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ፍሬሕይወት ከስልካችን አልወጣችም። ፍሬሕይወት እንዲህ አለች፤ ፍሬሕይወት ይሄን ችግር ፈታች፤ ፍሬሕይወት ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። እኔ ሻይ እንዴት እንደምጠጣ ታስታውሳለህ?

ፎቶውን በጣቴ እየዘረጋሁ አጉልቼ አይቼዋለሁ። ቀለበት አላት ወይ ብዬ እጇን ፈልጌ ነበር፤ እጇ ከሳህኑ ጀርባ ነው። ግን ሳላፍር ልንገርህ፤ ከእሷ ፊት ይልቅ ብዙ ያየሁት ከኋላችሁ ያለውን ሰሌዳ ነው። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሰሌዳ ይታያል፤ በላዩ ሳጥኖች ተስለው በመስመር ተገናኝተዋል፤ ከጎናቸው የሆነ ነገር ተጽፏል። አጉልቼ አጉልቼ ላነበው ሞከርኩ፤ ሲጎላ ይደበዝዛል። እማማ ታንጉት «ባልሽን እንዲህ ናፍቀሽዋል ማለት ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እኔም አዎ አልኳቸው።

አንተ የምታውቀውን ነገር መልሼ ልንገርህ፤ የምታውቀው ይመስለኛል፣ ግን ካንተ አፍ ከሰማሁት ቆይቷል። ሥራው ሲመጣልህ ሠርክአዲስን እርጉዝ ነበርኩ። ሁለታችንም ነበርን ያመለከትነው፤ እኔ ከነሆዴ ፈተናውን ሳልጨርስ ሐኪም ቤት ገባሁ። «አንተ ቅደም፣ ልጁ ጠንከር ሲል እከተልሃለሁ፣ ቦታ ትፈልግልኛለህ» ተባባልን። እናትህ ቤት ገባሁ፤ ቡሬ ያለው የገበሬዎች ዩኒየን ሲስተሙን የሚያስተዳድርለት ሰው ሲፈልግ እዚያ ተቀጠርኩ። እየቆየሁ ስጠይቅህ «ቦታ የለም ያምሮትዬ፣ ሲገኝ እነግርሻለሁ» ትለኛለህ። አምኜህ ጠበቅኩ።

ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ጫፍ ጫፉን ነው በስልክ የነገርኩህ። አሁን ሙሉውን ስማኝ።

ዩኒየናችን በርበሬና በቆሎ የሚገዛው ከየገጠሩ ማኅበር ነው። ገበሬው አምጥቶ ያስመዝናል፤ መዛኙ በስልኩ ይመዘግባል፤ ምዝገባው አዲስ አበባ የተከራየነው ሰርቨር ላይ ሲደርስ ለገበሬው ደረሰኝ ይወጣለታል። ያለ ደረሰኝ እህሉ መጋዘን አይገባም። ለእያንዳንዱ ማኅበር ሰርቨሩ ላይ የራሱን ምዝገባ ለብቻው የሚያስኬድ አንድ ኮንቴይነር አለን፤ ዘንድሮ ጅጋና ገበዝ ማርያም ስለተጨመሩ ለእነሱም አዲስ አስነሳን። ሁለቱ አልነሳ አሉ። በዚያው ሳምንት ያልታሰበ ዝናብ መጣ። በታኅሣሥ! ሰማዩን ስታየው ክረምት የገባ ይመስል ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ይታገሱ «ጅጋ ሂጂና ሰዉን አረጋጊ» ብለው ላኩኝ። ስደርስ ከመጋዘኑ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰውና አህያ ተኮልኩሏል። ጆንያው ላይ ላስቲክ፣ ቁርበት፣ ጋቢ ሳይቀር አልብሰውታል። እንዳለው የሚባለው መዛኝ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ «ሲስተም የለም፣ ምን ላድርግ!» ይላል። አያ ክንፈሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ሲስተም የሚሉት ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአዲስ አበባ ነው አያ።»

«በርበሬው እኮ ያለው እዚህ ነው» አሉኝ። ከጆንያቸው አንድ ዛላ አውጥተው ሰበሩና አፍንጫዬ ሥር አደረጉት። መሻገት ጀምሯል።

መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። ሲስተሙን መጀመሪያ የዘረጋልን ድርጅት ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር ሦስት ሦስት ኢንተርፌስ፣ የኔትወርክ በር በለው፣ ነው የሰጠው፤ አንድ ለውጭ፣ አንድ ለዳታቤዝ፣ አንዱን ደግሞ ለምን እንደሆነ እነሱም አያውቁት። ማሽኑ የሚሸከመው ኢንተርፌስ ደግሞ ልክ አለው። የፊተኞቹ ሦስት ሦስት ይዘው ስለተቀመጡ ለኋለኞቹ አንድም አልተረፈ። ጅጋና ገበዝ ማርያም ከዓለም ጋር የሚነጋገሩበት መስመር አጥተው ተገትረዋል። መፍትሔውንም አውቀዋለሁ፤ ለሁሉም አንድ፣ ዳታቤዙን ለሚያየው ብቻ ሁለት፣ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ቢመጣ ሲስተሙ ራሱ እንቢ እንዲል ማድረግ ነው። የፈራሁት ሌላ ነው። ይህን ለማድረግ እየሠሩ ያሉትን አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል፤ ቡሬ ላይ በዚያችው ሰዓት ይመዘናል። ብሳሳት የሚሠራውንም አቆመዋለሁ። አንድ ሰው «አዎ፣ ልክ ነሽ፣ ቀጥይ» እንዲለኝ ፈለግኩ። የፈለግኩት አንተን ነው።

ደወልኩ፤ አላነሳህም። ደገምኩ። መልእክት መጣ፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ። ፍሬሕይወት ትደውልልሻለች።»

ያችን መልእክት ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ? የቤታችንን ቁልፍ አውጥተህ ለሌላ ሴት የሰጠሃት መሰለኝ። አላነሳላትም ብዬ ነበር። ግን አያ ክንፈሚካኤል ፊት ለፊቴ ቆመው ያዩኛል፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አነሳሁ።

«ያምሮት ነሽ? ፍሬሕይወት እባላለሁ። አይዞሽ እህቴ፣ አትጨነቂ፣ ቀስ ብለን እናየዋለን። መጀመሪያ ኮንቴይነር ማለት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለ እንበል…»

«ኮንቴይነር ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አልኳት።

«ጎበዝ! ባምላኩ ነግሮሽ ነው?»

«እኔ ነኝ የማስተዳድረው። ማሽኑ ኢንተርፌስ አልቆበታል። ሁሉንም ወደ አንድ ላወርዳቸው ነው። ዳታቤዙን የሚያየውን መጀመሪያ ላድርገው ወይስ መጨረሻ እያልኩ ነው የደወልኩት።»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ይቅርታ እህቴ» አለች ቆይታ፤ «አንቺ የማኅበሩ ጸሐፊ አይደለሽም እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ባምላኩ ነዋ… ‹ባለቤቴ ገጠር ውስጥ የማኅበር ጸሐፊ ናት› ብሎኝ።»

 ጸሐፊነት ነውር ሆኖ አይደለም፤ ጸሐፊያችን ከእኔ የተሻለ ትሠራለች። ግን እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ዓይኔን አቃጠለኝ። አያ ክንፈሚካኤል ጎንበስ ብለው «ምነው ልጄ?» አሉኝ። «በርበሬው ነው አያ» አልኳቸው።

ፍሬሕይወት ድምጿ ተለውጦ ነበር። ልጅ እንደሚያባብል ሰው መናገሯን ተወች። «ዳታቤዙን የሚያየውን መጨረሻ አድርጊው» አለችኝ። «የምታደርጊው ልክ ነው። እኛም እዚህ እንዲሁ ነው የምናደርገው። ‹ወሰን› እንለዋለን፤ ኬንያዎቹ ሳይቀሩ ‹ወሰን› ነው የሚሉት። ባምላኩ በመጣ ሰሞን ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው። እድገቱንም ያገኘው በእሱ ነው።»

ባምላኩ፣ ወሰን ያልኩት እኔ ነኝ።

ባሕር ዳር በተከራየናት ክፍል፣ በአንድ ኮምፒውተር ተራ በተራ ስንሠራ፣ የዚያ ሆቴል ሲስተም ማሽኑን እየሞላ ባስቸገረን ጊዜ «ይሄ ሁሉ ኢንተርፌስ ምን ያደርግለታል፣ ወሰን አብጅለት እንጂ» አልኩህ። ሳቅክብኝ። «የእርሻ ድንበር መሰለሽ እንዴ?» አልከኝ። አባቴ ወልደ ገብርኤል በድንበር የተጣሉ ገበሬዎችን ሲያስታርቁ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት፤ ቃሉ ከእሳቸው አፍ ወደ እኔ የመጣ ነው። ቀኑን ሙሉ ተከራክረኸኝ ወደ ማታ «እስቲ እንሞክረው» አልክ። ሲሠራ ጊዜ አንስተህ አዞርከኝ፤ የቤት አከራያችን ምን ሆኑ ብለው በሩን አንኳኩ። እንግዲህ ያ ቃል አንተን ተከትሎ ድንበር ተሻግሯል፤ በኬንያዎች አፍ ይጠራል፤ እንጀራህ ሆኗል፤ እኔ ግን ጅጋ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ከሌላ ሴት አፍ ሰማሁት። በሰው ይቀናል፤ በራሴ ቃል እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሥራዬን ቀጠልኩ። አንዱን አጥፍቼ በአንድ ኢንተርፌስ አስነሳሁት፤ ሠራ። ቀጣዩንም እንዲሁ። ፍሬሕይወት ስልኩን አልዘጋችም። የዳታቤዙ ተራ ሲደርስ «በይ እንግዲህ» አለችኝ፤ አጥፍቼ አስነሳሁት። ተነሳ። ከዚያ ጅጋ ተነሳ፤ ገበዝ ማርያምም ተከተለ። መዛኙ «መጣ! ሲስተም መጣ!» እያለ ሲጮህ ሰዉ ሚዛኑ ላይ ተረባረበ። አያ ክንፈሚካኤል ደረሰኛቸውን ይዘው መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ከጆንያዎቻቸው ግን ግማሹ ሻግቶ ተመልሶባቸዋል። አህያቸው ላይ መልሰው ሲጭኑ እያየሁ ምነው ቀደም ብዬ በደፈርኩት ኖሮ አልኩ። ያንተን ስልክ ስጠብቅ ያለፈው ሰዓት እስካሁን ያንገበግበኛል።

በማግስቱ አቶ ይታገሱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ። «ወይዘሮ ያምሮት ከባለቤቷ ጋር ተደዋውላ ችግሩ ተፈትቷል። ናይሮቢ ላለው ወንድማችን ለባምላኩ ጭብጨባ!» አሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ ወሬው ቀድሞኛል። እናትህ በር ላይ ቆመው «ልጄ ኬንያ ሆኖ ጅጋን ከዝናብ አወጣ!» እያሉ እልልታውን አቀለጡት፤ ጎረቤቱም አገዛቸው። እኔ ነኝ እኮ እማማ ልላቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ፊታቸው እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። ስለ እኔ እንዲህ ፊቱ የሚበራ አንድ ሰው ባገኘሁ ብዬ ከልቤ ተመኘሁ። ያን ቀን ደውለህ «ፍሬሕይወት ረዳችሽ አይደል?» አልከኝ። «ረዳችኝ» አልኩህ። «ጎበዝ ናት አላልኩሽም!» አልክ፤ ተደስተህ ነበር።

ከዚያ ፍሬሕይወት ራሷ መልሳ ደወለች። ምሳ ሰዓት ላይ ቡሬ ቢሮ ነበርኩ።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣሽም» አለችኝ። «ለምንድን ነው እኛ ጋ ያላመለከትሽው? አንድ ሰው ፍለጋ ከዓመት በላይ ተቸገርን እኮ። ባምላኩን ‹ከአገር ቤት የምታውቀው ሰው ካለ› ብዬ ስንቴ ለመንኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹የሚመጥን ሰው አላውቅም› አለኝ።»

ስልኩን ይዤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ በርበሬ የሚለቅሙ ሴቶች ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ ያችን ሹካ የቀሰረች እጅ ሳስብ፣ በቢጫ ሻርፕ ስቃጠል የከረምኩበትን ጊዜ አሰብኩ። በዚህ ቤት ቀናተኛዋ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው።

ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤያለሁ። ምናልባት አንድ ቡድን ውስጥ ስንሆን ማን ከማን እንደተማረ ሰው ያየዋል ብለህ ይሆናል። ምናልባት መጀመሪያ አንድ ቀን ብቻ ብለኸው ኋላ መመለሻው ጠፍቶህ ይሆናል። እኔ አንተን መሆን አልችልም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ ብትጠይቀኝ ኖሮ ቃሉን እሰጥህ ነበር። ሰጥቼህም ነበር እኮ፤ ባሕር ዳር፣ ያን ቀን።

ፍሬሕይወት ፈተና እንድቀመጥ አደረገች። ከእሷና ከሁለት ኬንያውያን ጋር በስክሪን ነበር። ሲጠይቁኝ፣ ጠይቀውም መልሴን ሲጠብቁ፣ አንዱ ያልኩትን ሲጽፍ ሳይ፣ ሙያዬን ሰው ከጠየቀኝ ስንት ዘመኔ እያልኩ ነበር። አንደኛው «ሁለተኛ ኢንተርፌስ የሚለምን ኮንቴይነር ቢመጣብሽስ?» አለኝ። «ምን እንደሚያደርግበት ይናገር፤ ካልተናገረ አልሰጠውም» አልኩት። ሳቀና «ወሰንን በደንብ ታውቂዋለሽ» አለኝ፤ ቃሉን እንደምንም እየጎተተ። የአባቴን ቃል። ፍሬሕይወት በስክሪኑ ውስጥ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም።

ሲያልቅ ብቻዋን ቀረችና «ወሰን ያንቺ ነው አይደል?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ባምላኩን ‹ቃሉን ከየት አመጣኸው?› ብለነው ‹እንዲሁ መጣልኝ› ነው ያለን። አንቺ ስትዪው ግን የቤትሽን ሰው የምትጠሪ ነው የምትመስዪው። ልንገራቸው?»

«ተይው» አልኳት።

ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ። ስምህ እንዳይነሳ አስቤም አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ እንዲወጣ ስለማልፈልግ ነው። ይህ ደብዳቤ እጅህ እስኪገባ ለአንተም እንዳትነግርህ ለምኛታለሁ፤ ቃሏን ጠብቃ ከሆነ አሁን ከእኔ ነው የምትሰማው፤ ሥራውን አግኝቻለሁ። ከፋሲካ በኋላ እጀምራለሁ። አንተ ካለህበት ቡድን፣ ከዚያ ሰሌዳ ፊት። ፓስፖርቴ ወጥቷል፤ ሠርክአዲስንም ይዣት እመጣለሁ። ፍሬሕይወት እስክትደላደሉ እኔ ቤት እረፉ ብላናለች። አንተም ቤት እንዳለህ አውቃለሁ። የት እንደማርፍ ገና አልወሰንኩም። «አልወሰንኩም» ያልኩትን ቃል እንግዲህ እንደፈለግክ ፍታው።

አቶ ይታገሱ መልቀቂያዬን ሲያነቡ «ባልሽ ወሰደሽ አይደል?» አሉኝ። «አይ፣ በራሴ ነው የምሄደው» አልኳቸው፤ የጅጋውንም ማን እንደሠራው ያን ጊዜ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ምነው ያን ቀን ስናጨበጭብ ዝም አልሽ?» አሉ። 

ለእናትህ መናገር ግን ከሁሉ ከበደኝ። የልጅ ልጃቸውን ይዤባቸው ልሄድ ነውና። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ኮንቴይነሩንና ኢንተርፌሱን ሳስረዳቸው «እሱን ተይው፣ ምኑን አውቄው፤ ሰዎቹ ያሉትን ንገሪኝ» አሉኝ።

«ጸሐፊ ናት አለ?»

«አዎ እማማ።»

«የሚመጥን ሰው አላውቅም አለ?»

«አዎ።»

ሰፌዱን አስቀመጡት። ሠርክአዲስ ምስሩን ስትበትንም አልተቆጧትም። ኋላ «እኔ እንግዲህ ዱርቤቴ ያለችው እህቴ ዘንድ እሆናለሁ። ሂጂ» አሉኝ። «እሱን ብለሽ ሳይሆን ሥራሽን ብለሽ ሂጂ።» ልብሳቸውን ጎትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ላንተ አዝነው ይሁን ለእኔ አላወቅኩም፤ ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም።

ባምላኩ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ልጣላህ ብዬ ብቻ አይደለም። አንተን ያየሁ ቀን ምን እንደምሆን አላውቅም፤ ልጮህብህም ልጠመጠምብህም እችላለሁ። እስከዚያው ግን አንድ ነገር አድርግልኝ። ወሰን የማን ቃል እንደሆነ ከእኔ በፊት ለቡድንህ ሰዎች ንገራቸው። በገዛ አፍህ፣ በገዛ ቋንቋህ፣ እኔ ሳልደርስ።

እመቤቴ ገበዝ ማርያም ከክፉ ነገር ትሰውርህ፤ መውጣት መግባትህን ትባርክልህ። ጉንፋን እንዳይዝህ ልብስ ደርብ።

ባለቤትህ
ያምሮት ወልደ ገብርኤል

ሳላሽገው እናትህ ቃል በቃል ጻፊልኝ ብለው ያስጨመሩኝ፤ «ልጄ ባምላኩ፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሚስትህን ጸሐፊ ናት ብለህ ለሰዎቹ መንገርህን ሰማሁ። እኔንስ ምን ናት ብለህ ነው የነገርካቸው?»